ለጸሎት የተነበበ የደም ውጤት

ወረቀቱን ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። ይህን አስቀድሜ መጻፌ፣ ነገሩ እየተጠማዘዘ ሲሄድ የጥፋቱ መነሻ እንዳይጠፋብኝ ነው።

ሶዶ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከጎጃም በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር። መጀመሪያ ሥራው ያዘኝ፣ ቀጥሎ ልማዱ፣ አሁን ደግሞ የመንገዱ መዘጋት። እናቴን የማገኛት በስልክ ነው፤ እሱም ኔትወርክ የተገኘ ቀን። በነዚህ ዓመታት ሁሉ የኖርሁት ባንድ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጎን ባለች አንዲት ክፍል ነው። በመስኮቴ የሚታየኝ የእንሰት ቅጠል ብቻ ነው። ባለቤቶቹን አባባና እማማ እላቸዋለሁ። አባባ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ከሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። አንድ ቀን በሃይማኖት ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም። ጾም ሲገባ እማማ ቅቤ ያልነካው ድስት ለይተው ያስቀምጡልኛል፤ እነሱ ሲዘምሩ እኔ ሬዲዮኔን እቀንሳለሁ።

የእማማ አማርኛ ገበያ ውስጥ የተማሩት ነው። እኔን ሴቷን "አንተ" ይሉኛል። ዶሮዋንም፣ በጓንም፣ አባባንም እንዲሁ። መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር፤ አሁን ድንገት "አንቺ" ቢሉኝ የተቀየሙኝ ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት ጊፋታ ካለፈ በኋላ አባባን ይደክማቸው ጀመር። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነውና ሥጋውም ቅቤውም በገፍ ይበላል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ "ሥጋው ነው፣ ያልፋል" አለ። አላለፈም። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ቀኝ ጎናቸውን ይከብዳቸው፣ ሰውነታቸውን ያሳክካቸው ጀመር። ሐዋሳ ያለችው ልጃቸው በስልክ ጨቅጭቃ ክሊኒክ አስኬደቻቸው፤ ሐኪሙም ደም አዘዘላቸው። ውጤቱን ረቡዕ ተቀበሉ። ሐኪሙ የሚገባው ዓርብ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጸሎት ቡድኑ ቤታቸው የሚመጣበት ቀን ነው።

ይህን ልማድ ለማያውቅ ልንገር። የታመመ ሰው ጋ ሲመጡ ዝም ብለው አይጸልዩም፤ "የጸሎት ርዕሱ ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ጉልበት ከሆነ ቀኙ ነው ግራው? የልጅ ፈተና ከሆነ የትኛው ትምህርት? ተለይቶ ይነገራል፣ ተለይቶ ይጸለይበታል። እኔ ይህን ነገራቸውን እወደው ነበር። እግዚአብሔርን በስም በአድራሻ እንደ መለመን ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ሆነው ተቀምጠዋል። ፊታቸው የተቀቀለ ስኳር ድንችና ሻይ፣ ለአባባና ለቡድኑ መሪ ደግሞ ለስላሳ። ከመናኸሪያው አጠገብ ጨርቅ የምትነግድ አንዲት ሴት አለች፤ ምላሷ እንደ መቀሷ ነው። ደብተር ላራም ጥላ ፈልጌ በራቸውን ሳልፍ ያየችኝ እሷ ናት።

"ቲቸር! ነይ እስቲ፣ ይህን ወረቀት አንብቢልን። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው።"

"ዓርብ ሐኪሙ ያነብላቸው የለም እንዴ?" አልሁ።

"እና እግዚአብሔር እስከ ዓርብ ወንበር ይዞ ይጠብቅ?"

ሁሉም ሳቁ፤ አባባም ሳቁ።

"እኔኮ የማስተምረው አማርኛ ነው።"

"እንግሊዝኛ የማታውቅ ቲቸር አለች እንዴ? ነይ ባክሽ፣ አትኩሪብን።"

አባባ ራሳቸው ወረቀቱን ዘረጉልኝ። "አንብቢው ልጄ፤ የሚደበቅ የለኝም" አሉ።

እኔ ጥንቁቅ ነኝ እላለሁ። የተማሪ ነጥብ ሦስት ጊዜ ሳልደምር አልሰጥም። ያን ቀንም በጥንቃቄ ነበር ያነበብሁት፤ ከላይ ጀምሬ መስመር ሳልዘል። ደም ደኅና። ኩላሊት ደኅና። በየመሐሉ "አሜን" ይላሉ። ስኳር ላይ ከፍ ማለቱን የሚያሳይ ምልክት ነበረ፤ "ስኳር" ብለው በማስታወሻቸው ጻፉ። ስኳር የሌለበት ቤት የለም፤ ማንም አልደነገጠም። ከታች፣ የጉበት ከሚለው ዝርዝር ውስጥ፣ ጂጂቲ የሚባል ነበር። ቁጥሩ ከወሰኑ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ምልክት ተደርጎበታል።

"ይህን አላውቀውም" አልሁ።

"ስልክሽን ጠይቂው" አለችኝ ነጋዴዋ።

ጠየቅሁት። የመጣልኝን ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁ። "የጉበት ኢንዛይም ነው። ጉበትና የሐሞት ቱቦ ሲጎዱ በደም ውስጥ ይጨምራል። ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የሚገኘው አልኮል በሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ..."

ስልኬ ያሳየኝ እስከዚያ ነበር። የቀረው ከታች ነው፤ በጣት አንድ ጊዜ ወደ ላይ መግፋት ይፈልግ ነበር። እኔ ግን የሰው ዝምታ ሰምቼ ቀና አልሁ።

እማማ ድንች የያዘውን ሳህን ይዘው ቆመዋል። አባባ ወረቀቱን ሳይሆን እጃቸውን ያያሉ። የቡድኑ መሪ ጉሮሮውን ጠረገና "እንጸልይ" አለ። ጸሎቱ ረጅም ነበር። ለስኳሩ ጸለየ፣ ለድካሙ ጸለየ፤ መጨረሻ ላይ "ጌታ ሆይ፣ ወንድማችንን ከማናቸውም ስውር እስራት ፍታው" አለ። አሜኑ እንደ ወትሮው ጎልቶ አልወጣም።

በነሱ ቤተ ክርስቲያን መጠጥ ቀላል ነገር አይደለም። የጠጣ ሰው ከአገልግሎት ይታገዳል፣ ከጌታ እራትም ይቆያል። ሽማግሌ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። አባባም በወጣትነታቸው ተበላ በምትባለው ከተማ ሲሠሩ አረቄ ይጠጡ እንደነበር፣ ጌታን ካገኙ ወዲህ ግን ሃያ ሰባት ዓመት እንዳልነኩ በየጉባኤው መስክረዋል። ታሪካቸው ይህ ነው። ሰው የሚያከብራቸው በዚህ ታሪክ ነው። እኔ ያን ረቡዕ በሩብ ሰዓት ውስጥ የነካሁት ይህንኑ ነው።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ሐኪሙ ዘንድ ሄድሁ። ማረም የምችል መስሎኝ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር። ወረቀቱን አየና ጠየቃቸው።

"አባባ፣ መጠጥ ይወስዳሉ?"

"ከሃያ ሰባት ዓመት ወዲህ ከንፈሬን አልነካም።"

"ለስላሳስ?"

አባባ ፊታቸው በራ። "እሱማ ይቀርብልኛል።"

"በቀን ስንት?"

አባባ መቁጠር ጀመሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ለእርቅ ይሄዳሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ በሽተኛ ይጠይቃሉ፣ የሙሽራ ወላጆች ያማክሯቸዋል። በየቤቱ ሱቅ ይላክና ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይከፈትላቸዋል። አለመጠጣት የሰውን ቤት መናቅ ነው። "ሦስት አራት ይሆናል። ባለፈው ሻንቶ ለእርቅ የሄድን ቀን ግን ስድስት ቤት ነበር" አሉ።

"ስድስቱንም ጨረሱ?"

"ተከፍቶ ይተዋል እንዴ!"

ሐኪሙ ሊስቅ ፈለገና ተወው። አልጋ ላይ አስተኝቶ በአልትራሳውንድ አያቸው፤ ጉበታቸው ስብ እንደያዘ በስክሪኑ አሳየን። እኔ ያየሁት ነጭ ደመና ብቻ ነበር።

"የወፍ በሽታ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"አይደለም፤ ዓይናቸው ንጹሕ ነው። ይኸውልሽ፣ ይህ ጂጂቲ እንደ ጭስ ነው። እሳት እንዳለ ይነግርሻል፤ ማን እንደለኮሰው አይነግርሽም። መጠጥ ይለኩሰዋል። የሆድ ውፍረትና ስኳር ይለኩሱታል። የሐሞት ጠጠርም፣ አንዳንድ መድኃኒትም። ለብቻው አይነበብም። እኔ የማነበው ከስኳራቸው ጋር፣ ከደም ስባቸው ጋር፣ ከወገባቸው ልክ ጋር ነው። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ።" ወደ አባባ ዞረ። "ለስላሳውን ያቁሙ። ሙሉ በሙሉ። ቅቤው ይቀነስ፤ በቀን አንድ ሰዓት ይራመዱ። በሦስት ወር ደግመን እናያለን።"

ደስ አለኝ። ሳላፍር፣ "ይህንኑ በወረቀት ይጻፉልን፤ እንዳልጠጡ የሚያስረዳ" አልሁት።

"ጉበታቸው ስብ እንደያዘ፣ ስኳራቸው ከፍ እንዳለ እጽፋለሁ። አልጠጡም ብዬ ግን አልጽፍም።"

"ለምን?"

"ስለማላውቅ። ስቡም ቢሆን በመጠጥ ይመጣል። እኔ አምናቸዋለሁ፤ ማመን ግን ማኅተም አይደረግበትም።"

"የሚያውቅ ምርመራ የለም?"

"ሰሞኑን የጠጣን ሰው እንይዛለን። ሃያ ሰባት ዓመት ያልጠጣን ሰው የሚያሳይ ምርመራ ግን እኔ አላየሁም።"

አባባ ኮፍያቸውን አድርገው ተነሡ። "ተይው ልጄ" አሉኝ ደረጃውን ስንወርድ። "ጌታ ያውቃል።" እኔም ጌታ እንደሚያውቅ አውቃለሁ። የጨነቀኝ የማያውቁት ሰዎች ነገር ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። "ታግደሃል" አላሏቸውም፤ "ጤናህ እስኪመለስ ከአገልግሎት ዕረፍ" ነው ያሉት። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተከራከሩም። እኔ ግን አላስቻለኝምና በማግስቱ ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ ታላቅ ወደሆኑት ቤት ሄጄ የሆነውን ሁሉ አስረዳሁ፤ ጭሱንም፣ እሳቱንም፣ ለስላሳውንም።

"ለስላሳ?" አሉ። "እኛስ የምንጠጣው ምንድን ነው? እንዲያ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሁሉ ሊታገድ ነዋ!" ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን በትሕትና ጠየቁኝ።

"እህታችን፣ በዚያ ግቢ ጠላ ይጠመቃል ይባላል። እውነት ነው?"

"እኔ ነኝ። የጽዋ ማኅበር ተራዬ ሲደርስ፣ በዓመት አንድ ጊዜ።"

"በሳቸው ፈቃድ?"

"አዎ። ለሃይማኖትሽ ከሆነ ማን ይከለክልሻል ብለው ፈቀዱልኝ።"

"ጀሪካኑን ተሸክመው ያያቸው ሰው አለ።"

"እስከ ባጃጁ ነው። ስለከበደኝ አገዙኝ።"

"ቀምሰውልሽ ያውቃሉ?"

"እኔ እስካየሁት ድረስ አያውቁም።"

"እስካየሽው ድረስ" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። አልዋሸሁም። ከጠየቁኝ አንዱንም አልሸሸግሁም። ስወጣ ግን ስገባ ከነበረው ይልቅ አባባን ከስሻቸው እንደወጣሁ ገባኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። "ያነበብሽው ውሸት ነው?" አሉኝ።

"አይደለም አባቴ። ግማሽ ነው።"

"የሌላ ሰው ገላ በሌላ ሰው ፊት አይገለጥም። ለሚቀጥለው ይህን ያዢ" አሉና አርባ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድሁ። ለኔ ነፍስ ይሆን ይሆናል፤ ለአባባ የጠቀማቸው ነገር የለም።

ሦስቱ ወራት ረጅም ነበሩ። አባባ ለስላሳ አቆሙ። ቀላል አይምሰላችሁ። ለቅሶ ቤት "ውኃ ስጡኝ" ሲሉ ባለቤቶቹ ይሳቀቃሉ፤ ድሆች አድርገው ያዩን ይሆን ብለው። አንዷ ሴትዮ "ምነው አባባ፣ የኛ ቤት ጠርሙስ ቆሽሾብዎት ነው?" ብላቸው ተቀይማ ቀረች። ከእንሰት የሚሠራው ሙቿ ሲቀርብ ቅቤው የበዛበትን ጎን ለልጅ ልጃቸው ይገፋሉ። ማለዳ ማለዳ በአረካው መንገድ በእግር ይሄዳሉ፤ ወዳጆቻቸው በባጃጅ ሲያልፉ "ግባ እንጂ!" ይሏቸዋል፤ እሳቸው እጃቸውን አውለብልበው ይቀጥላሉ። ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ገባ። እሑድ እሑድ ግን ከፊተኛው ወንበር ተነሥተው ሕፃናት ከያዙ እናቶች ጎን፣ በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። ይህን የነገሩኝ እማማ ናቸው፤ ጎመን እየከተፉ፣ ቀና ሳይሉ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ደሙ ተደገመ። በዚህኛው ጊዜ ወረቀቱን ሐኪሙ ነው ያነበበው። ጂጂቲው ወርዶ ወሰኑ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ስኳሩም ቀንሷል። "ጉበትዎ አመስግኖዎታል" አላቸው። አባባ ሐኪሙን ጉንጩን ሳሙት።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ሳስብ እስካሁን ጆሮዬ ይግላል። አባባን ወደ ቤት ሸኝቼ፣ ራሴ በእግሬ፣ ወደ ጨርቅ ነጋዴዋ ሱቅ ሄድሁ። ከመሬት አንሥቼ ልመልስላቸው የፈለግሁትን ስም ለመመለስ ከሷ የተሻለ አፍ አልታየኝም።

"ወርዷል!" አልኋት ከበሩ ሳልገባ። "በሦስት ወር ወደ ደኅና ተመልሷል!"

ሜትሯን ጥላ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። "ጌታ ስሙ ይባረክ! አቆመዋ! ጸሎታችን ሰመረ ማለት ነው!"

"ለስላሳ ነው ያቆሙት" አልሁ።

"እሺ፣ ለስላሳ በይው" አለችና እጄን ይዛ ጨመቀችኝ። ዓይኗ ውስጥ እንባ ነበረ። ተንኮል ቢኖራት እጣላት ነበር፤ ደስ ያላት ከልቧ ነው። "እኛም እኮ አንፈርድበትም፤ ሁላችንም ሰው ነን።"

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ፈክቶ መጡ። ወደ አገልግሎትህ ተመለስ አሏቸው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆመው ጌታ ያደረገላቸውን እንዲመሰክሩ።

"ምን ብዬ?" አሉ አባባ።

"ከመጠጥ እንዳወጣህ።"

"ከዚያ ያወጣኝ የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ነው። መስክሬያለሁ።"

"የአሁኑን ነው የምንልህ ወንድማችን።"

"አሁን የተፈታሁት ከለስላሳ ነው።"

ሳቁ። አባባ ቀልደኛ መሆናቸውን ያውቃሉ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሳቁ ሲያልቅ "ያልሠራሁትን ኃጢአት ብናዘዝ፣ ያኔ ነው ኃጢአተኛ የምሆነው" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጸልየው፣ ተቃቅፈው፣ ተሰናብተው ሄዱ። እሑድ አባባ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

እውነቱን ለመናገር እኔ "ይበሉት" ብዬ ተመኝቻለሁ። አንድ ቃል ነው፣ ይናገሩትና ወንበራቸው ላይ ይመለሱ ብዬ። ይህንንም ለንስሐ አባቴ መንገር ይኖርብኛል፤ እስካሁን አልነገርሁም።

ከሁለት ቀን በኋላ ይመስለኛል፣ ከሰዓት፣ ልብሴን ከገመድ ሳወርድ እማማ መጡ። አባባ ለእግር ጉዞ ወጥተዋል። እማማ ከልብሴ አንዱን አንሥተው ያጥፉልኝ ጀመር። ቀስ ብለው ነው ያጠፉት፤ እጅጌውን፣ ከዚያ አንገቱን።

"ቲቸር" አሉኝ። "አንተ ተምረሃል። ሐኪም ጋ ሄደሃል። ወረቀት አይተሃል።"

"አዎ እማማ።"

"ሃምሳ ዓመት ሊሆነን ነው እኔና እሱ። ተበላ እያለ ሰክሮ ሲመጣ በር የምከፍተው እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜም ‘አልጠጣሁም’ ይል ነበር።" ልብሱን ደረታቸው ላይ ያዙት። "እኔ ለማንም አልናገርም። ለልጆቹም። ለኔ ብቻ። ጠጥቷል?"

"ኧረ በፍጹም! አልጠጡም።"

"በማርያም በል።"

እማማ በማርያም አይምሉም፣ በሃይማኖታቸው። የኔን ነው የጠሩት፤ እኔን የሚያስረው እሱ እንደሆነ ያውቃሉና። እኔ ደግሞ በእመቤታችን ስም ምዬ አላውቅም፤ እናቴ በዚህ ነው ያሳደገችኝ። ባላየሁት ነገር፣ በሃያ ሰባት ዓመት ቀንና ሌሊት፣ ባልነበርሁበት ሁሉ መማል ነበረብኝ። አባባን አምናቸዋለሁ። ሐኪሙ ማመን ማኅተም አይደረግበትም ያለው ትዝ አለኝ። አፌን ከፈትሁ።

"እማማ፣ እኔ አምናቸዋለሁ..."

"ማመንማ እኔም አምን ነበር" አሉ።

"አይ፣ እንደሱ ለማለት አይደለም፣ መማል እኮ ስለማልወድ ነው፣ እንኳን በሳቸው በራሴም..."

ሰሙኝ። እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ እማማ ሰው ሲናገር አያቋርጡም። ከዚያ ያጠፉትን ልብስ ሌላው ላይ ደርበው አስታቀፉኝና "እሺ፣ ገባኝ" አሉ። የገባቸው ምን እንደሆነ ከፊታቸው አየሁ። የግቢው በር ተንኳኳ። አባባ ናቸው፤ ከጉዟቸው ተመልሰው። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊከፍቱላቸው ሄዱ። በሩን ከፈቱ፤ አባባም ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። እማማ ወዲያው ዞር አላሉም። ጠጋ ብለው፣ የአባባን እስትንፋስ እንደሚያሸት ሰው፣ ትንሽ ቆሙ።